«እኔ» የምትለው አስተርጓሚ

ዛሬ ከታናሽ እህቴ ጋር በአፓርታይድ (በነጮች የዘር መድልዎ አገዛዝ) ዘመን የተፈጸሙ በደሎችን ያጣራውን የደቡብ አፍሪካን የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን የቆየ ቪዲዮ እያየን ነበር። መሃል ላይ «አስተርጓሚዋ ለምንድነው ‹እኔ› የምትለው?» አለችኝ።

ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። ምስክርነቱ የሚተረጎመው በአንደኛ መደብ ነው። እናት ስትመሰክር አስተርጓሚዋም «ልጄን ገደሉብኝ» ትላለች። ገራፊው ሲናዘዝ ደግሞ፣ በዚያው ድምፅ፣ «የገረፍኩት እኔ ነኝ»። ቀኑን ሙሉ እንዲህ! (እኔ ብሆን ሳምንትም አልቆይ።) ኮሚሽኑ ምስክሮችን መስማት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ ከ21,000 በላይ ተጎጂዎች ቃላቸውን ሰጥተዋል።

ከአጥፊዎቹ ምሕረት የሚያገኘው ድርጊቱ ፖለቲካዊ የሆነና ሁሉን ሳይደብቅ የተናገረ ብቻ ነበር። ከ7,000 በላይ ሰው አመለከተ፤ አብዛኛው ተከለከለ።

«የተፈቀደለትስ? ተናዞ ቤቱ ገባ?»

አዎ፣ ገባ። ይሄ ለኔም እስካሁን አይዋጥልኝም። አርጀንቲናዎች እ.ኤ.አ. በ1983 ያቋቋሙት ኮሚሽን የሰበሰበው ማስረጃ ግን በ1985 የጁንታውን (የወታደራዊውን አገዛዝ) መሪዎች ፍርድ ቤት ሲያቆሙ ጠቅሟቸዋል።

እህቴ ዝም አለች። ከዚያ ቪዲዮውን ወደኋላ መልሳ ድምፁን ጨመረች። አስተርጓሚዋ «ልጄን» ብላ ትንሽ ቆመች።