«በዚህ ቀን የተመዘገበ ከፍተኛ ሙቀት» ከመባሉ በፊት

የአንድ ከተማ የአየር ሁኔታ ሰንጠረዥ ላይ አንድ ቀን ሲመረጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ከፍተኛው ሙቀት ከነዓመቱ፣ ዝቅተኛው፣ አማካዩና የዝናቡ መጠን ነው። ቁጥሮቹ ያለቀላቸው ይመስላሉ። ነገር ግን «ቀን» የተባለው ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ ካልታወቀ፣ የሰፈረው ቁጥር የዚያው ቀን ስለመሆኑም እርግጠኛ መሆን አይቻልም።

በእጅ በሚነበብ ጣቢያ ተመልካቹ ቴርሞሜትሮቹን የሚያየው በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ነው። ከፍተኛውን የሚይዘው ቴርሞሜትር ባለሜርኩሪ ሲሆን አንገቱ ላይ ጠበብ ይላል፤ ሜርኩሪው ሲሞቅ ያልፋል፣ ሲበርድ ግን በራሱ አይመለስም። ተመልካቹ ካነበበ በኋላ አራግፎ ወደ ሰዓቱ ሙቀት ያወርደዋል። ንባቡ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነው እንበል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 34 ዲግሪ ደርሶ ነበር፣ 11 ሰዓት ላይም ገና 31 ነው። ስለዚህ መሣሪያው ተራግፎም ከ31 በታች አይወርድም። ነገ ደመናማ ሆኖ ከ24 ባያልፍ እንኳ፣ ነገ 11 ሰዓት ላይ የሚነበበው 31 ነው። አንዱ ሙቀት ሁለት ቀን ተመዘገበ። ንባቡ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ከሆነ ነገሩ ይገለበጥና አንድ ብርዳም ንጋት ለሁለት ቀን ይቆጠራል። ጣቢያው በመሐል የንባብ ሰዓቱን ከማታ ወደ ጠዋት ከቀየረ ደግሞ ከተማው ሳይቀዘቅዝ መዝገቡ ይቀዘቅዛል።

ዝናብ ላይ ስሕተቱ ይብሳል። የዝናብ መለኪያው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ሲቀዳ የሚገኘው ውኃ በአብዛኛው የትናንት ከሰዓትና የሌሊት ዝናብ ነው። አንዱ ጣቢያ በትናንት ቀን ይመዘግበዋል፣ ሌላው ባነበበበት ቀን። ቅዳሜና እሑድ የሚያነብ ሰው ካልነበረ ደግሞ የሦስት ቀን ዝናብ ተጠራቅሞ ሰኞ ላይ ያርፍና «የቀኑ ክብረ ወሰን» ይሆናል። ስለዚህ ትልቅ የዝናብ ቁጥር ስታዩ ከሱ በፊት ያሉትን ሁለት ቀናት ተመልከቱ። ባዶ ከሆኑ ቁጥሩን አትመኑ። ዜሮ ከሆኑም በጎረቤት ጣቢያ አረጋግጡ፣ ባዶውን ቦታ በዜሮ የሚሞሉ ሰዎች አሉና።

ዝቅተኛውን የሚይዘው ቴርሞሜትር ባለአልኮል ነው። በጊዜ ብዛት አልኮሉ ይተንና በቱቦው ጫፍ ይጠራቀማል፤ ያን ጊዜ መሣሪያው ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ ማንበብ ይጀምራል። ስሕተቱ በአንድ ቀን አይመጣም፣ ቀስ እያለ ስለሚያድግ በአንድ ቁጥር አይታወቅም። የሚጋለጠው ከአጎራባች ጣቢያ ጋር ያለው ልዩነት በወራት እየሰፋ ሲሄድ ነው።

የንባብ ስሕተት የት ድረስ እንደሚሄድ ለማየት የሊቢያዋን አል አዚዚያ ማንሳት ይበቃል። ሴፕቴምበር 13 ቀን 1922 እዚያ የተመዘገበው 58 ዲግሪ ለ90 ዓመት የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ ቆየ። በ2012 የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ሰረዘው። አጣሪዎቹ ልምድ የሌለው ተመልካች ለስሕተት የሚዳርግ መሣሪያ በተሳሳተ መንገድ ሳያነብ እንዳልቀረ፣ ቁጥሩም ወደ 7 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ እንደሆነ ገመቱ። ክብረ ወሰኑም ጁላይ 10 ቀን 1913 በአሜሪካ ዴዝ ቫሊ ወደተመዘገበው 56.7 ተመለሰ።

አሁን የአንድን ቀን ክብረ ወሰንና አማካይ ራሳችን ወደ ማውጣቱ ሥራ እንግባ። መጀመሪያ ጣቢያውን ለዩ፤ «የከተማው» የሚባል ቁጥር የለም፣ ያለው የጣቢያ ቁጥር ነው። መሐል ከተማ የነበረ ጣቢያ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ተዛውሮ ከሆነ ሁለቱን ዘመናት አትቀላቅሉ። የ200 ሜትር የከፍታ ልዩነት ብቻውን በአማካይ 1.3 ዲግሪ ያህል ይለውጣል። ነፃ ከሆኑት የመረጃ ክምችቶች የዓለም ጣቢያዎችን የዕለት መዝገብ የያዘው ጂኤችሲኤን ዴይሊ (GHCN-Daily) ጥሩ ነው፤ በጥሬ ፋይሉ ሙቀትና ዝናብ የተጻፉት በአስረኛ ነው፣ 253 ማለት 25.3 ነው። የጎደለው ቀን በ−9999 ይሞላል፤ እሱን ሳያወጡ አማካይ መሥራት ውጤቱን ገደል ይከተዋል።

ቀጥሎ ወሩንና ቀኑን በየራሳቸው አምድ አውጡና አጣሩ። ኤክሴል ከ1900 በፊት ያለን ቀን እንደ ቀን አይቀበልም፣ ስለዚህ የቆየ መዝገብ ከሆነ ዓመት፣ ወርና ቀን እንደ ተራ ቁጥር ይቀመጡ። ቁጥሮቹ ውስጥ 31.7፣ 32.2፣ 32.8፣ 33.3 እየተደጋገሙ 32.0 ፈጽሞ ካልታየ መዝገቡ ከፋራናይት የተመለሰ ነው። እንዲህ ባለ መዝገብ ቁጥሮቹ በግማሽ ዲግሪ ገደማ እየዘለሉ ስለሚሄዱ በ0.3 ዲግሪ ተበልጦ «ተሰበረ» የሚባል ክብረ ወሰን ዋጋ የለውም።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር ለሚሠራ ሌላ ወጥመድ አለ። መስከረም 1 በዚህ ዘመን ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፣ ጳጉሜን 6 ቀን ስትሆን ግን ወደ 12 ይገፋል። ዓመት በዓመት ካልመነዘራችሁ በየአራት ዓመቱ የአንዱ ዓመት ቁጥር የሌላ ቀን ይሆናል።

አማካዩን በተመለከተ፣ የተለመደው መነሻ ከ1991 እስከ 2020 ያሉት 30 ዓመታት ናቸው። ፌብሩዋሪ 29 በእነዚህ ዓመታት 8 ጊዜ ብቻ ነው ያለው። ሌላውም ቀን ቢሆን 30 ቁጥር ያንሰዋል፤ ሙቀቱ ከዓመት ዓመት በ4 ዲግሪ ገደማ የሚዋዥቅ ከሆነ የአማካዩ ስሕተት 0.7 ዲግሪ ይደርሳል። ስለዚህ በተከታታይ ቀናት መካከል የሚታየው የግማሽ ዲግሪ ልዩነት ምንም አይነግርም። ከቀኑ በፊትና በኋላ 7፣ 7 ቀን ጨምሩበት፤ 450 ቁጥር ይኖራችኋል፣ አማካዩም ይረጋጋል።

ክብረ ወሰን ሲሰበርም ከመደነቅ በፊት የዓመታቱን ብዛት ቁጠሩ። የአየር ንብረቱ ባይለወጥ እንኳ መዝገቡ በተጀመረ በ20ኛው ዓመት አዲስ ክብረ ወሰን የመምጣት ዕድሉ ከ20 አንድ ነው፣ በ100ኛው ከ100 አንድ። በ100 ዓመት ውስጥ የመጀመሪያውን ጨምሮ አምስት ያህል ይጠበቃል። የ15 ዓመት መዝገብ ይዞ «በታሪክ ታይቶ የማይታወቅ» ማለት የለየለት ማጋነን ነው።

አንዳንድ ድረ ገጾች ደግሞ ጣቢያ በሌለበት ቦታ እንደ ኢአርኤ 5 (ERA5) ካለ፣ ያለፈውን የአየር ሁኔታ በኮምፒውተር ከሚያሰላ ሞዴል የወጣ ቁጥር ያሳያሉ። ኢአርኤ 5 ከ1940 ጀምሮ ያለ ሲሆን አንዱ ካሬው ወደ 31 ኪሎ ሜትር ስፋት አለው። ለአጠቃላይ አዝማሚያ ይጠቅማል፣ ገደላማ ቦታ ላይ ለአንድ ቀን ክብረ ወሰን ግን አይሆንም።

ውጤቱን ስትጽፉ የጣቢያውን ስም፣ የመጀመሪያና የመጨረሻ ዓመቱን፣ የጎደሉ ዓመታትን ብዛትና የንባቡን ሰዓት አብራችሁ አስፍሩ። ሁለት ዓመት እኩል ከሆኑም ሁለቱንም ጻፉ።