አሮጌ የሹራብ ማሽኖች፦ እስካሁን የደረስኩበት

የምኖረው እንግሊዝ፣ ኖቲንግሃም ነው። እዚህ አሮጌ የሹራብ ማሽን ማግኘት ችግር አይደለም። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ብዙ የእንግሊዝ እናቶች ማሽኑን ጠረጴዛ ላይ አስረው ለልጆቻቸው ሹራብ ይሠሩ ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ያኔ የገዙት ሰዎች አሁን አርጅተዋል። ልጆች ቤት ሲያጸዱ ከአልጋ ሥር አንድ ረጅም ሣጥን ይወጣል። ምን እንደሆነ በቅጡ የሚያውቅ የለም። «ብቻ ይነሳልን» በሚያሰኝ ዋጋ ይሸጣል።

እኔም እንዲህ እንዲያ እያልኩ አራት ደርሻለሁ። ቤት ውስጥ «አምስተኛው ከገባ እኔ እወጣለሁ» ስለተባልኩ ለጊዜው እዚሁ ቆሜያለሁ። ገና ያልጀመራችሁም፣ ጀምራችሁ የተዋችሁም ስላላችሁ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ማሽኑ ምን እንደሚሠራ እንነጋገር። ሸማኔ ድርና ማግ ያስፈልገዋል፤ ሁለት ክር እርስ በርሱ እየተሻገረ ጨርቅ ይሆናል። ሹራብ ግን አንድ ክር ነው። ያ አንድ ክር ቀለበት ይሠራል፣ በቀለበቱ ውስጥ ሌላ ቀለበት ይገባል፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ሹራብ የሚለጠጠውም፣ ጫፉ ከተገኘ እስከ መጨረሻው የሚተረተረውም ለዚህ ነው። ማሽኑ ላይ በመደዳ የተደረደሩ መርፌዎች አሉ። የእያንዳንዱ መርፌ ጫፍ መንጠቆ ነው፤ ከመንጠቆው ሥር የምትከፈትና የምትዘጋ ትንሽ ምላስ አለች። መርፌው ወደ ፊት ሲወጣ አሮጌው ቀለበት ምላሷን ከፍቶ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። አዲሱ ክር መንጠቆው ላይ ያርፋል። መርፌው ሲመለስ አሮጌው ቀለበት ምላሷን ዘግቶ ከላይ ያልፋትና ይወድቃል። አለቀ። ይህንን ለሁሉም መርፌ በተራ የሚያደርገው በእጅ የሚገፋው ካሬጅ ነው። ካሬጁን አንዴ ከግራ ወደ ቀኝ ስትገፉት አንድ ረድፍ ይሠራል።

ይቺ ባለምላስ መርፌ የተገኘችው በ1840ዎቹ እዚሁ አጠገባችን ሌስተር ውስጥ ነው፤ ማቲው ታውንሴንድ የሚባል ሰው ፈጠራ ናት። አሜሪካዊው አይዛክ ላምብ በ1863 በዚያች መርፌ ጠፍጣፋ የሹራብ ማሽን ሠራ። ዛሬ ቤቴ ያሉት የጃፓን ማሽኖች ሁሉ የዚያ የልጅ ልጆች ናቸው።

አሁን ወደ ሣጥኑ። ማሽን ገዝታችሁ ቤት ስትገቡ ክር ለማስገባት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ስፖንጁን እዩ። ብራዘርና ሲልቨር ሪድ በሚባሉት የጃፓን ማሽኖች ላይ መርፌዎቹን ከላይ ተጭኖ የሚይዝ ቀጭን የብረት ዘንግ አለ፤ በዘንጉ ውስጥ ስፖንጅ ተለጥፏል። ስፖንጅ ደግሞ ያረጃል። ሲያረጅ ይሟሽሻል፣ አንዳንዱ እንደ ማር ይጣበቃል። መርፌዎቹ ልቅ ይሆናሉ፣ ካሬጁ ይነክሳል፣ ቀለበት ይወድቃል። ብዙ ሰው «ማሽኑ ተበላሽቷል» ብሎ የሚሸጠው በዚህ ምክንያት ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ማሽኑን በቁሙ ያዝ አድርጉት። መርፌዎቹ በራሳቸው ከተንሸራተቱ ስፖንጁ አልቆለታል። ዘንጉን በካቻቢቴ ጫፍ ከአንድ በኩል ገፋ ስታደርጉት ይወጣል። አዲስ መግዛት ይቻላል፤ ካልሆነ አሮጌውን ጠርጋችሁ የበርና የመስኮት ንፋስ መከላከያ ስፖንጅ በልኩ ቆርጣችሁ መለጠፍ ነው። ይሠራል።

ቀጥሎ ካሬጁ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ የተቀመጠ ዘይት ዘይትነቱ ቀርቶ ሙጫ ሆኗል። ማዞሪያዎቹና ቁልፎቹ አልንቀሳቀስ ይላሉ። እዚህ ላይ ጉልበት አያስፈልግም፤ የፕላስቲክ ቁልፍ ከተሰበረ ምትኩን ማግኘት ፈተና ነው። የብረቱን ክፍል ትንሽ አኳራጅ አንጠባጥቡበትና አሳድሩት። ፕላስቲክ ያለበትን አትንከሩ። በማግስቱ ቁልፉን ቀስ እያላችሁ ወዲህ ወዲያ በሉት፣ ጥረጉት፣ ከዚያ የልብስ ስፌት ማሽን ዘይት በጣም ትንሽ። ዘይት ከበዛ የመጀመሪያዎቹ ሹራቦች ጥቁር መስመር ይዘው ይወጣሉ። ብዙ ሰው ይህን የጽዳት ሥራ ይጠላዋል። እኔ ግን እውነቱን ለመናገር ከሹራቡ እኩል ነው የምወደው። ካሬጁን ገልብጣችሁ ሆዱ ውስጥ ያሉትን መንገዶች ስታዩ የቁልፎቹ ሥራ ይገለጥላችኋል። የትኛው መርፌውን ወደ ፊት ይገፋል፣ የትኛው ዘሎት ያልፋል፣ ሁሉም በዓይን የሚታይ ነው። መመሪያውን አሥር ጊዜ ከማንበብ አንዴ ገልብጦ ማየት ይሻላል።

በመርፌ ሹራብ የምትሠራ ወዳጄ አለችኝ። «ማሽን ከሠራው ምኑን የእጅ ሥራ ሆነ?» ትለኛለች። እስኪ እንየው። ማሽኑ የሚሠራው ሜዳውን ነው። ጀርባውን፣ ደረቱን፣ ዝም ብሎ የሚሄደውን ረድፍ። ብብቱን ማጉደል፣ አንገቱን ማውጣት፣ እጅጌውን ማስፋት፣ ጎኖቹን ማያያዝ፣ ይህ ሁሉ በእጅ ነው። ለማጉደል ባለሦስት ቀዳዳ ማንሻ አለ፤ ዳር ላይ ያሉትን ሦስት ቀለበቶች አንስታችሁ አንድ መርፌ ወደ ውስጥ ታስገቧቸዋላችሁ። ሁለት ቀለበት አንድ መርፌ ላይ ይደረባል። ያ የተደረበው ቀለበት ከዳሩ ገባ ብሎ ትንሽ ምልክት ይተዋል። አሁን የለበሳችሁትን ሹራብ ብብቱ አካባቢ እዩት። እንዲህ ያሉ ትንንሽ ምልክቶች በሰልፍ ከታዩ ቅርጹ ማሽኑ ላይ እያለ የወጣለት ነው። ከሌሉና ስፌቱ ወፍራም ከሆነ ግን እንደ ጨርቅ ተቆርጦ የተሰፋ ነው።

ይህ ነገር እዚህ ከተማ ደም ያፋሰሰ ነው። በ1811 ኖቲንግሃም አጠገብ አርኖልድ በምትባል መንደር ሠራተኞች የካልሲ ማሽኖችን በመዶሻ መሰባበር ጀመሩ። ሉዳይት የሚባሉት እነሱ ናቸው። ዛሬ ስማቸው «ቴክኖሎጂ የሚጠላ» ለሚባል ሰው ሁሉ ይለጠፋል። ግን እኮ እነሱ ዕድሜ ልካቸውን በማሽን የሠሩ ሰዎች ነበሩ! ካናደዷቸው ነገሮች አንዱ ሰፊ ጨርቅ በማሽን ሠርቶ፣ ቆርጦ፣ ሰፍቶ «ካልሲ» ብሎ በርካሽ መሸጥ ነበር። እንዲህ ያለው ካልሲ ስፌቱ ይፈታል፣ የባለሙያውንም ደሞዝ ይጥላል። መንግሥት በ1812 ማሽን የሰበረ በሞት ይቀጣል የሚል ሕግ አወጣ። ገጣሚው ሎርድ ባይረን በላይኛው ምክር ቤት ቆሞ ተቃወመ፤ ሕጉ ግን አለፈ።

የሰበሯቸው ማሽኖች ዓይነት ዛሬ ሩዲንግተን በሚገኘው ሙዚየም ይታያል፤ ከከተማ ብዙ አይርቅም። ለብርሃን ሲባል መስኮቶቹ ረጃጅም የሆኑበት አሮጌ የሥራ ቤት ነው። የማሽኑ አባት ዊልያም ሊ ራሱ የዚሁ አካባቢ ሰው ነው፤ በ1589 ካልቨርተን ውስጥ ሠራው። ንግሥት ኤልሳቤጥ «በእጃቸው ሹራብ ሠርተው የሚያድሩትን ሰዎቼን ለማኝ ታደርግብኛለህ» ብላ ፈቃድ ከለከለችው ይባላል። ሰውየው ወደ ፈረንሳይ ሄደ። እዚያ ቢሆን መች ሞላለት! የደገፈው ንጉሥ ሄንሪ 4ኛ በ1610 ተገደለ።

ወደ ሥራው ልመለስ። ለጀማሪ ቁልፉ ነገር ናሙና ነው። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። 40 መርፌ ላይ 60 ረድፍ ሥሩ፣ አውርዱት፣ እጠቡት፣ ይድረቅ፣ ይረፍ፣ ከዚያ ለኩት። ከማሽኑ እንደወረደ ከለካችሁት ይዋሻል፤ ገና ተወጥሮ ነው ያለው። ለምሳሌ በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ 30 ቀለበት ከወጣ፣ 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው ጀርባ 150 መርፌ ያስፈልጋል ማለት ነው። የተለመደው ማሽን 200 መርፌ አለው፤ በመርፌና በመርፌ መካከል 4.5 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ በዚያ ክር ከ66 ሳንቲ ሜትር በላይ ስፋት አይወጣም። ወፍራም ክር ካማራችሁ 9 ሚሊ ሜትር ርቀት ያለው ሌላ ማሽን ነው የሚያስፈልገው። ወፍራሙን ክር በቀጭኑ ማሽን አታስገድዱ፤ መርፌ ያጣምማል።

የእጅጌ ጫፍና የወገብ ዙሪያው የሚለጠጠው ክፍል፣ ሪብ የሚሉት፣ አንድ የመርፌ መደዳ ብቻ ላለው ማሽን የራስ ምታት ነው። ማሽኑ ሁሉንም ቀለበት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሠራው። ሪብ ከፈለጋችሁ አንዱን ዓምድ እስከ ታች ጥላችሁ በመንጠቆ ገልብጣችሁ መልሳችሁ መልቀም ነው። ለሕፃን ሹራብ ይቻላል። ለትልቅ ሰው ወገብ ግን ዓይን ያወጣል። አቋራጩ በየሦስተኛው መርፌ አንዱን ከሥራ ማስወጣት፣ ጠበቅ አድርጎ መሥራት፣ ከዚያ አጥፎ ማያያዝ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ሪብ ይመስላል።

ፓሳፕ ዱዎማቲክ 80 የገዛሁት በዚህ ምሬት ነው። የስዊስ ሥራ ነው። ሁለት የመርፌ መደዳ አለው፤ ከጎን ሲታይ የቤት ጣሪያ ይመስላል። ሪብ እንደ ልብ ነው፤ እጅጌ እንደ ቱቦ ያለ ስፌት ይወጣል። ከሌሎቹ በተለየ ሥራውን ወደ ታች የሚጎትት ክብደት ማንጠልጠል የለም፤ ካሬጁ ላይ ያሉት መግፊያዎች ሥራውን ራሳቸው ይዘው ይወርዳሉ። ግን ከባድ ነው፣ አመለኛም ነው። ጃፓኖቹን የለመደ እጅ እንደ አዲስ ይማራል። እኔ ገና እየተማርኩት ነው። ለጀማሪ አልመክርም።

በጣም የተዝናናሁት በፓንች ካርድ ነው፤ ቀዳዳዎቹ ንድፉን ለማሽኑ የሚነግሩ ካርድ ማለት ነው። ብራዘር ኬኤች 881 የምትባለው ማሽኔ ስፋቱ 24 ቀዳዳ የሆነ ካርድ ትቀበላለች። በሁለት ቀለም ስትሠሩ ካርዱ ላይ ቀዳዳ የተበሳለት መርፌ ሁለተኛውን ቀለም ይሠራል፣ ያልተበሳለት የመጀመሪያውን። 24 ቁጥሩ ደግ ነው፤ ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ6፣ ለ8፣ ለ12 ይካፈላል። ስለዚህ የቀሚስ ጥለት ላይ የምናያቸው አብዛኞቹ የተደጋገሙ ቅርጾች ይገቡበታል። ባዶ ካርድ ገዝቼ ከእናቴ ቀሚስ ላይ አንድ ጥለት በካሬ ወረቀት ገለበጥኩና በሳሁት። ለመስቀሉ አጋማሽ የተውኩት ሰፊ ሜዳ ከጀርባ ረጅም ክር አንጠለጠለ፤ ጣት ይገባበታል። ስለዚህ ሜዳው ከአምስት ቀለበት በላይ እንዳይሰፋ መሃሉ ላይ ትንሽ ነጥብ ጨመርኩበት። አማረበት።

አራተኛዋ ኬኤች 910 ናት፤ ኤሌክትሮኒክስ ያላት። በመጀመሪያው ይዞታዋ ስፋቱ እስከ 60 ቀለበት የሆነ ንድፍ ከፕላስቲክ ወረቀት ታነባለች። ዛሬ ግን ፈቃደኛ ሰዎች በጋራ ያዳበሩት አያብ የሚባል ነገር አለ፤ አርዱዊኖ በምትባል ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ የሚሠራ ነው። የድሮውን ቦርድ ተክቶ ማሽኑን ከኮምፒውተር ጋር ያገናኛል። በ200ው መርፌ ሙሉ የፈለጋችሁትን ሥዕል መሥራት ትችላላችሁ። ገጥሜዋለሁ፤ ፊደል መጻፍ እየሞከርኩ ነው። «ሀ» ወጥታለች። «ጨ» እግሮቿ አስቸግረውኛል።

ሊገዛ ያሰበ ካለ፣ የማሽኑ መልክ አያታልላችሁ። አቧራ ይጠረጋል። የጎደለ ካሬጅ፣ የጎደለ ማሰሪያ ሞርሳ፣ የጎደለ የክር ማሳለፊያ ምሰሶ ግን ወጪ ነው። ብራዘር በ1990ዎቹ መጨረሻ አካባቢ መሥራት አቁሟል፤ መለዋወጫው ከሌላ አሮጌ ማሽን ነው የሚመጣው። ሲልቨር ሪድ አዲሱም ይሸጣል። እዚህ እንግሊዝ አሮጌዎቹ ኒትማስተር በሚል ስም ነው የሚገኙት፤ ግራ አትጋቡ። ቶዮታ የሚል ካያችሁም አትሳቁ። ቶዮታ መኪና ከመሥራቱ በፊት የሽመና ማሽን ፋብሪካ ነበር፤ የሹራብ ማሽንም በስሙ ወጥቷል።

የሚቀጥለው ሥራዬ 881ን ማሸግ ነው። ለአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ ልልክላት ነው። የሰፈር ልጆች የተማሪ ሹራብ መሥራት ትፈልጋለች። ካርዱም ካሬጁም በእጅ ስለሚሄድ መብራት ጠፋ አልጠፋ ጉዳይዋ አይደለም። ስፖንጁን ቀይሬያለሁ፣ ካሬጁን ለብቻው በፎጣ ጠቅልዬዋለሁ። ክሩን ከመርካቶ ትገዛለች፤ ቀጭኑን እንድትመርጥና መጀመሪያ ናሙና እንድትልክልኝ ነግሬያታለሁ። ምላሳቸው ያልተጣመመ ትርፍ መርፌዎችም ከተበላሸ ማሽን ነቅዬ በትንሽ ጣሳ አድርጌላታለሁ።