የጀልባ ቴፕ በሶላር፦ ጣና ላይ እንዴት እንደሠራሁት

ጀልባዋ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ቅርብ ደሴቶች ሰው የምታመላልስ፣ የላሜራ አካል ያላት፣ ጣራዋም ላሜራ የሆነች ትንሽ የሞተር ጀልባ ናት። ሞተሯ በገመድ ተጎትቶ የሚነሣ ስለሆነ ባትሪ የሚባል ነገር አልነበራትም። የተፈለገው አንድ የመኪና ቴፕ፣ ሁለት ስፒከርና ስልክ የሚሞላበት ዩኤስቢ ነው፤ ኃይሉ ሁሉ ከፀሐይ።

ስሌቱን ከቴፑ ካርቶን ላይ አልጀመርኩም። «4 በ50 ዋት» ይላል፤ ቴፑ ጀርባ ላይ የተሰካው ፊውዝ ግን 10 አምፔር ነው። 10 በ12 ቮልት ቢባዛ 120 ዋት ስለሆነ 200ው ከየትም አይመጣም። በቴስተር ስለካው ድምፁ ዝቅ ሲል አንድ አምፔር እንኳ አይሞላም፣ ሰው እያወራ በሚሰማበት ልክ 2 አካባቢ ነው፣ የሞተሩን ጩኸት እንዲበልጥ ሲከፈት 3 እና 4 ይደርሳል። አማካዩን 2.5 አምፔር አድርጌ በ6 ሰዓት አባዛሁት፦ 15 አምፔር ሰዓት። ለስልኮቹ 3 ጨመርኩ፣ በቀን 18። ወደ ገዳማቱ ሲጠጉ ሙዚቃ ስለሚጠፋ 6 ሰዓቱ የተትረፈረፈ ነው።

ፓኔሉ 100 ዋት፣ 36 ሴል ያለው፣ በሥራ ላይ 18 ቮልትና 5.5 አምፔር ገደማ የሚሰጥ ነው። ለበጋ 5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ብንይዝ 27.5 አምፔር ሰዓት ይሆናል፤ ለአቧራ፣ ለሙቀትና ለሽቦ 20 በመቶ ሲቀነስ 22 ይተርፋል። ለሐምሌና ነሐሴ 3 ሰዓት ብቻ ያዝኩ፣ 13 ይመጣል። በክረምት ይጎድላል ማለት ነው፤ ያኔ ጎብኚም ስለሚቀንስ ለዚያ ብዬ ሁለተኛ ፓኔል አልጨመርኩም።

ፓኔሉን ማዘንበል እዚህ ትርፉ ድካም ነው። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በ11.6 ዲግሪ ብቻ ወደ ሰሜን ስለምትርቅ፣ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በስተሰሜን ናት፤ በቀረው ጊዜ በስተደቡብ። ጀልባውም ቀኑን ሙሉ ሲዞር ነው የሚውለው። ጣራው ላይ በጥፍጥፉ አስተኝቼ፣ ከሥሩ አየር እንዲያልፍ 4 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ትቼ፣ በአራት ማዕዘን ብረት አሰርኩት። ብሎኑ ጣራውን በስቶ ያልፋል፤ ከታች ሰፊ ሮንዴላና በንዝረት የማይላላ ባለ ፕላስቲክ ዳዶ፣ ቀዳዳው ዙሪያ ሲሊከን። የጣና ነፋስ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ በቪቴ ብቻ የተያዘ ፓኔል አላምንም።

ጥላ ግን ከምታስቡት በላይ ይጎዳል። 36ቱ ሴሎች ብዙውን ጊዜ በሁለት ግማሽ ተከፍለው ነው የተያያዙት። የባንዲራ እንጨት ጥላ ወይም የይብራ ኩስ አንድ ሴል ሙሉ በሙሉ ሲሸፍን ያ ግማሽ ከመስመር ይወጣል፤ የቀረው ግማሽ ደግሞ 9 ቮልት ብቻ ነው። በ9 ቮልት 12 ቮልት ባትሪ አይሞላም። ስለዚህ ትንሽዋ ጥላ የምትወስደው ትንሽ ሳይሆን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ነው። እንጨቱን ወደ ኋላ ጫፍ አዛወርኩት። የረጠበ የሕይወት አድን ጃኬት ፓኔሉ ላይ እንዳይሰጣ መከልከል ግን የየቀን ሥራ ነው።

ባትሪው 50 አምፔር ሰዓት ጄል (አሲዱ የረጋበት ዓይነት) ነው። ከግማሽ በታች ካላወረድነው 25 አለን፤ ፀሐይ ባትወጣም አንድ ቀን ያዘልቃል። የመኪና ማስነሻ ባትሪ ርካሽ ቢሆንም ስስ ሳህኖቹ ለአጭር ጊዜ ብዙ ጉልበት እንዲሰጡ እንጂ ቀን በቀን እየተሟጠጡ እንዲሞሉ አልተሠሩም፤ ቶሎ ይሞታል። ሊቲየም ከሆነ 30 አምፔር ሰዓት ይበቃል፣ ክብደቱም በጣም ያነሰ ነው፤ ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን የሚቆጣጠረው ኮንትሮለር ግን የሊቲየም ምርጫ ሊኖረው ይገባል። ሞተራቸው በቁልፍ ለሚነሣ ደግሞ የቴፑ ባትሪ ለብቻው ይሁን፤ ሐይቁ መሀል ሞተር እምቢ ማለት የለበትም።

ኮንትሮለሩ ተራ ፒደብልዩኤም (ፓኔሉን በቀጥታ ከባትሪው ጋር እያገናኘና እየቆረጠ የሚሞላ) ባለ 20 አምፔር ነው። ለአንድ 36 ሴል ፓኔል ይኸው ይበቃል። ባለ 60 ወይም 72 ሴል የቤት ፓኔል በዚህ ኮንትሮለር ማሠራት ግን ከዋቱ ግማሹን መጣል ነው። ኤምፒፒቲ (ፓኔሉን በራሱ ቮልት አሠርቶ ትርፉን ወደ አምፔር የሚቀይር) ተብሎ የተሸጠላችሁን ለመፈተሽ ባትሪው ባልሞላበት ሰዓት፣ ቀትር ላይ፣ የፓኔሉን ጫፎች በቴስተር ለኩ፦ 18 አካባቢ ካሳየ እውነት ነው፤ ከባትሪው ጋር እኩል 13 ምናምን ካሳየ ስሙ ብቻ ነው። ሲገጠም ባትሪው ይቀድማል፣ ፓኔሉ ይከተላል፤ ሲፈታ በተቃራኒው። ፓኔሉ ከቀደመ ኮንትሮለሩ 22 ቮልት አይቶ ሥርዓቱን 24 ነው ብሎ ሊወስድ ይችላል።

የላሜራ ጀልባ ያለው ሰው ልብ ብሎ ያንብብ የምለው ቀጥሎ ያለውን ነው። ብዙዎቹ ርካሽ ኮንትሮለሮች የሦስቱን መስመሮች፣ ማለትም የፓኔሉን፣ የባትሪውንና የቴፑን፣ ፖዘቲቭ አንድ ላይ አገናኝተው የሚከፍቱትና የሚዘጉት በኔጋቲቩ በኩል ነው። የቴፑ የብረት አካል ደግሞ ከጥቁሩ ሽቦ ጋር ውስጥ ለውስጥ የተገናኘ ነው፤ የአንቴናው ገመድ የብረት መሸፈኛም እንደዚያው። ቴፑን በላሜራው ላይ ስታስሩትና የባትሪው ኔጋቲቭም በሆነ በኩል አካሉን ከነካ፣ ጅረቱ ኮንትሮለሩን ዘሎ በጀልባው አካል ይመለሳል። ባትሪው ሲደክም ቴፑን ይቆርጣል የተባለው ኮንትሮለር ቆረጥኩ እያለ ቴፑ መዝፈኑን ይቀጥላል፣ ባትሪው እስከ ጥግ ይሟጠጣል። መለየቱ ቀላል ነው፦ ምንም ሳይገናኝ ቴስተሩን በድምፅ መፈተሻው ላይ አድርጋችሁ ሦስቱን ፖዘቲቮች ንኩ፤ ከጮኸ ይኸው ዓይነት ነው። እኔ ቴፑን በኮምፔንሳቶ ሳጥን ውስጥ አስገባሁት፣ አንቴናውን በጎማ ለየሁት፣ ወደ ላሜራው አንድም ሽቦ አልወሰድኩም።

የመቁረጫውን ቁጥርም እንደመጣ አትተዉት። ብዙዎቹ 10.7 ቮልት ላይ ተስተካክለው ይመጣሉ፤ እዚያ የደረሰ ጄል ባትሪ ባዶ ነው። 11.8 ላይ እንዲቆርጥ፣ 12.6 ላይ እንዲመልስ አድርጌዋለሁ።

ቤዝ በመታ ቁጥር መብራቱ ብልጭ ካለና ብሉቱዙ ከተቋረጠ ቴፑ አልተበላሸም፤ ሽቦው ቀጥኗል። ባትሪው ከቴፑ 4 ሜትር ከራቀ ደርሶ መልስ 8 ሜትር ነው። 1.5 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር) ሽቦ በ10 አምፔር ላይ 0.9 ቮልት ይበላል፣ 4 ካሬ 0.35 ብቻ። 4 ካሬ ብዙ ክር ያለውን ተጠቀሙ፤ ባለ አንድ ክሩ የቤት ሽቦ በሞተር ንዝረት ውስጥ ውስጡን ይሰበራል። 15 አምፔር ፊውዝ ከባትሪው ፖዘቲቭ ከ20 ሴንቲ ሜትር ሳይርቅ ይግባ። መገጣጠሚያውን በስታኞ ብቻ አትመኑ፤ በፒንሳ የተጨመቀ ተርሚናልና በሙቀት የሚኮማተር ላስቲክ ይሻላል። ናስትሮ ፀሐይ ላይ ሙጫው ይቀልጣል። ቢጫው የቴፑ ሽቦ ሰዓቱንና ጣቢያውን ለማስታወስ ሌሊቱን ሙሉ ስለሚጠባ ቀዩንና ቢጫውን በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ አሳለፍኳቸው።

ስፒከር ላይ ገንዘብ ማውጣት ፓኔል ከመጨመር ይረክሳል። 92 ዴሲቤል የሚል ስፒከር 86 ከሚለው ጋር እኩል ለመጮኽ የሚፈልገው የዋቱን ሩብ ብቻ ነው። ሾጣጣው ወረቀት ሳይሆን ፕላስቲክ፣ ጠርዙ ጎማ ይሁን። ፊታቸውን ወደ ተሳፋሪው አዙሬ ከመቀመጫ ሥር በተዘጋ ሳጥን ገጠምኳቸው።

ሬዲዮው ላይ ዝዝዝ የሚል ድምፅ ከመጣ ፓኔሉን በብርድ ልብስ ሸፍኑት። ከጠፋ ምንጩ ኮንትሮለሩ ነው፦ የፓኔሉን ሁለት ሽቦዎች እርስ በርስ ጠምዝዙ፣ ከአንቴናው ገመድ 30 ሴንቲ ሜትር አርቁ። ድምፁ ለሞተሩ በሚሰጠው ጋዝ ልክ የሚቀጥንና የሚወፍር ከሆነ ከሞተሩ ነው፤ ሶላሩን አትንኩት።

ባለ 220 ቮልቱን ትልቅ ስፒከር በኢንቨርተር ላሠራ ለሚል፦ ኢንቨርተሩ 12ን ወደ 220 ከፍ ያደርጋል፣ ስፒከሩ ውስጥ ያለው ፓወር ሰፕላይ መልሶ ያወርደዋል፣ በሁለቱም ቦታ ኃይል ወደ ሙቀት ይሄዳል። ከመግዛታችሁ በፊት የስፒከሩን ጀርባ እዩ፤ ብዙዎቹ 12 ቮልት መግቢያ አላቸው፣ በ4 ካሬ ሽቦና በፊውዝ በቀጥታ ከኮንትሮለሩ ይነሣሉ።