ሙስጠፋ ካማል ያላስረከበው ዋንጫ

ደሴ ውስጥ ክሪኬት የሚያይ ሰው የለም ማለት ይቻላል፣ እኔ ግን ኮምቦልቻ ካምፓስ ስማር ህንዳውያን መምህሮቻችን ቅዳሜ ከሰዓት በቴኒስ ኳስ ሲጫወቱ እያየሁ ገባሁበት፣ አንዱ ሰር ህጉን መሬት ላይ በእንጨት እየሳለ አስረዳኝና በቃ ከዛ ወዲህ ስልኬ ላይ ውጤት እከታተላለሁ። ዛሬ ግን የምጽፈው ስለ ተጫዋች ሳይሆን ሙስጠፋ ካማል ስለሚባል የባንግላዲሽ አመራር ነው።

ካማል እ.ኤ.አ. በ1947 ኮሚላ የተወለደ ሲሆን በሙያው የሂሳብ አያያዝ ሰው (አካውንታንት) ነው፣ ከዛ ነጋዴ ሆነ፣ ከዛ አዋሚ ሊግ በሚባለው ፓርቲ ፓርላማ ገባ። ከ2009 እስከ 2012 የሀገሩን ክሪኬት ቦርድ መርቷል። የ2011ን የአለም ዋንጫ ባንግላዲሽ ከህንድና ከስሪላንካ ጋር ያዘጋጀችው በሱ ጊዜ ነው፣ ቢፒኤል የሚባለው ሊጋቸውም በ2012 ሲጀመር ፕሬዝዳንቱ እሱ ነበር። ስለዚህ አልሰራም አይባልም። በ2014 ደግሞ የአለም አቀፉ የክሪኬት ምክር ቤት፣ የአይሲሲ ፕሬዝዳንት ሆነ፣ እዛው ሳለ ግን ሀገሩ ላይ የፕላን ሚኒስትር ነው!

ጣጣው የመጣው በ2015ቱ የአለም ዋንጫ ነው። ማርች 19 ሜልቦርን ላይ ህንድና ባንግላዲሽ ሩብ ፍጻሜ ገጠሙ። የህንዱ ሮሂት ሻርማ 90 ነጥብ ላይ እያለ የባንግላዲሹ ሩቤል የወረወራትን ኳስ መታት፣ መሬት ሳትነካ አየር ላይ ተቀለበች፣ እንደዛ ከሆነ መቺው ከጨዋታ ይወጣል፣ ወጣ ተብሎ ሲጠበቅ ግን ዳኞቹ ኳሷ ከወገብ በላይ ናት ብለው ኖ ቦል፣ ማለትም ውርወራው ህገወጥ ነው፣ መቺው አይወጣም አሉ። ሪፕሌይ ላይ ከወገብ በላይ አትመስልም። ሮሂት 137 አስቆጥሮ ወጣ፣ ህንድ 302 ደረሰች፣ ባንግላዲሽ 193 ላይ አለቀላት።

ካማል ዝም አላለም። ዳኝነቱ ጥራት የለውም፣ አስቀድሞ የተዘጋጀ ይመስላል አለ፣ ይህን የምለው እንደ ፕሬዝዳንት ሳይሆን እንደ ደጋፊ ነው ብሎም ጨመረ። እኔ እዚህ ላይ ነው የማልስማማው። ንዴቱ ይገባኛል ወላሂ፣ ሀገርህ እንደዛ ስትሆን እያየህ እንዴት አትናደድም፣ ግን ዳኞቹን የመደበው ቤት ፕሬዝዳንት ሆነህ እንደ ደጋፊ ልናገር አይባልም፣ መጀመሪያ ወንበሩን ልቀቅና ከዛ እንደፈለክ ተናገር።

ማርች 29 አውስትራሊያ ኒውዚላንድን አሸንፋ ዋንጫውን ስትወስድ ያስረከበው ካማል ሳይሆን የአይሲሲው ሊቀመንበር ስሪኒቫሳን ነው፣ እሱም የህንድ የሲሚንቶ ባለሀብት። ካማል ዋንጫ ማስረከብ በደንቡ የኔ መብት ነበር ብሎ ኤፕሪል 1 ስራውን ለቀቀ። እሱን ማግለሉም ቢሆን ልክ አልነበረም፣ ያጠፋን ሰው በደንብ ትጠይቀዋለህ እንጂ ሌላው ባለሀብት ተነስቶ ዋንጫውን አይቀማውም። የተጣሉት ሁለቱም ነጋዴዎች፣ ሁለቱም የሀገራቸውን ቦርድ የመሩ ሰዎች ናቸው፣ መሀል ላይ ለጨዋታው ብቻ የቆመ ሰው ጠፋ።

ካማል ከዛ በኋላ በ2019 የገንዘብ ሚኒስትር ሆነ፣ የመጀመሪያ በጀቱን ሊያቀርብ ገብቶ ስላመመው የቀረውን ጠቅላይ ሚኒስትሯ ሼክ ሀሲና ናቸው ያነበቡለት።

ይሄን ሁሉ የማነሳው እኛ ጋ ክለብ የሚያድረው በከተማ አስተዳደር በጀትና በባለሀብት ኪስ ስለሆነ ነው። ብር መስጠት ጥሩ ነው፣ ሼህ መሀመድ አል አሙዲ ወልድያ ላይ ያሰሩትን ስታዲየም አይቼ ኮርቻለሁ። ግን ብር ያለው ይስጥ፣ ሹመኛው መሬቱን ያመቻች፣ ዳኛ የሚመድበውና ቅጣት የሚወስነው ደግሞ ሌላ ይሁን። ይድነቃቸው ተሰማን አስቡ፣ ተጫውተው፣ አሰልጥነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1987 ካፍን በፕሬዝዳንትነት የመሩት ኳሱን ከውስጥ ስለሚያውቁት ነው። አይሲሲም ከካማል በኋላ ያመጣው የፓኪስታኑን የድሮ ኮከብ ዛሂር አባስን ነበር። ሆጤ ሜዳ ላይ ጉልበታቸውን የጨረሱ የደሴ የድሮ ተጫዋቾች ዛሬም በየሰፈሩ አሉ፣ እስኪ እነሱም ኮሚቴ ውስጥ ይግቡ።