ያላለቀሰችው ራሔል

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ!

ዘንድሮ የበዓል ወጌ ስለ አንድ ፊልም ነው፤ ያውም ስለሚያስፈራ ፊልም። ቻርልስ ላውተን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1955 የሠራው ጥቁርና ነጭ «ዘ ናይት ኦፍ ዘ ሀንተር»። ላውተን ስመ ጥር ተዋናይ ነበር፤ በዳይሬክተርነት የሠራው ግን ይህንኑ ብቻ ነው። ያኔ ገበያ አልቀናውም፤ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ዘመኑ አሜሪካ በኢኮኖሚ ድቀት የተመታችበት፣ ቦታው የኦሃዮ ወንዝ ዳርቻ ነው። ሮበርት ሚቸም የሚጫወተው ሐሰተኛ ሰባኪ በአንድ እጁ ጣቶች ላይ «ፍቅር»፣ በሌላኛው ላይ «ጥላቻ» ተነቅሷል። የጆንና የፐርል አባት ዘርፎ በአሻንጉሊት ሆድ የደበቀውን 10,000 ዶላር ፍለጋ እናታቸውን አግብቶ ይገድላል። ልጆቹ በጀልባ ያመልጣሉ። ጎተራ ውስጥ ባደሩበት ሌሊት ጆን የሰባኪውን መዝሙር ከሩቅ ይሰማል፤ ቀና ሲል ፈረሰኛው አድማሱ ላይ ጥላ ሆኖ ያልፋል። «ይህ ሰው አይተኛም እንዴ?» ይላል ልጁ። ስቱዲዮ ውስጥ የተቀረጸ ነው፤ ሩቅ እንዲመስል ቁመተ አጭር ሰው በትንሽ ፈረስ ላይ አስቀምጠው። ይህን እያወቅሁም ባየሁት ቁጥር ሰውነቴን ውርር ያደርገዋል።

ልጆቹን የምታስጠጋቸው ባልቴት ስሟ ራሔል ነው። ማቴዎስ ሄሮድስ ስላስፈጃቸው ሕፃናት ሲጽፍ «ራሔል ስለ ልጆችዋ አለቀሰች፤ መጽናናትም አልወደደችም» ይላል። ሊሊያን ጊሽ የምትጫወታት ራሔል ግን ለልቅሶ ጊዜ የላትም። ጠመንጃዋን ይዛ ሌሊቱን ትጠብቃለች፤ ልጆቹን ሰብስባም የሄሮድስን ታሪክና ወደ ግብፅ የተደረገውን ሽሽት ትተርክላቸዋለች።

ፊልሙ የሚያልቀው በገና ዕለት ነው። ሌሎቹ ልጆች ስጦታ ሲሰጧት ጆን ምንም የለውም። ከቤቷ አንድ ፖም ያነሣል፣ በራሷ ዳንቴል ጠቅልሎ ያቀርብላታል። እርሷም ከስጦታ ሁሉ የሚበልጠውን እንደሰጣት ትነግረዋለች። ከፊልሙ ሁሉ ይህችን ትዕይንት እወዳታለሁ፤ ሰው ማመን ትቶ የነበረ ልጅ እንደገና እጁን ሲዘረጋ የማየው እዚህ ነው።

ያልወለዳችሁትን ልጅ የምታሳድጉ አክስቶች፣ አያቶች፣ ጎረቤቶች፤ ይህ መልእክት በተለይ ለእናንተ ነው። ፊልሙ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ዶሮ ወጡ ከተበላ፣ ትንንሾቹም ከተኙ በኋላ እዩት። መልካም ገና!