የአያቴ ምንሽር

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው። ዛሬ የውሃ ተራው የእኛ ሰፈር ነው። ቧንቧው ሥር ባልዲ ደቅኜ ቁጭ ብያለሁ። ሚስቴና ልጄ ተኝተዋል። እናቴም ከጓዳው አጠገብ ባለችው ክፍል ተኝታለች። እኔ ግን ውሃ ባልጠብቅም እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ቁጥር ጭንቅላቴ ውስጥ ሲመላለስ ሰንብቷል። 150,000 ብር።

ለአንድ ጠመንጃ የተጠየቅሁት ዋጋ ነው።

ጠመንጃው የአያቴ ነበር። እሱ «ምንሽሬ» ይለዋል። ፈረንጆቹ ካርካኖ ነው የሚሉት። የጣሊያን ጦር የታጠቀው፣ እ.ኤ.አ. የ1891 ሞዴል የሚባለው ነው። ስድስት ጎራሽ ነው፤ ጥይቱ 6.5 ሚሊሜትር። የእኛው ረጅሙ ዓይነት ነው። ልጅ ሳለሁ ሰደፉን መሬት አስደግፌ ሳቆመው አፈሙዙ ከጭንቅላቴ በላይ ይሄድ ነበር።

አያቴ ያገኘው ወደ ጎንደር በሚያስገባው የተራራ መተላለፊያ፣ ቁልቋል በር ላይ ነው፤ በ1934 ዓ.ም.፣ ኅዳር ላይ። ጃንሆይ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነው። ጎንደር ግን ከዚያም በኋላ ከስድስት ወር በላይ በጣሊያን እጅ ቆየች። በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻው ምሽጋቸው እዚህ ነበር። የጣሊያኑ ጄኔራል የናሲ ጦር ቁልቋል በርን ዘግቶ ተቀመጠ። አርበኞቹና እንግሊዞቹ ገፍተው በሩን የከፈቱት ኅዳር 12 ቀን ነው። ከስድስት ቀን በኋላ ጎንደርም እጇን ሰጠች። ኅዳር 12 ደግሞ የሚካኤል ዓመታዊ በዓል ነው። ስለዚህ በእኛ ቤት ጠመንጃው «የሚካኤል» ነበር። አያቴ በየዓመቱ በዚያ ዕለት አውጥቶ በላምባ ይወለውለዋል። አይተኩስም። ወልውሎ፣ ፀሐይ አስመትቶ፣ መልሶ ይሰቅለዋል።

አያቴ ሲሞት ለቅሶው ላይ ምንሽሩ ወጣ። አንድ ዘመድ አፈሙዙን ወደ ታች ዘቅዝቆ ተሸክሞት በሰው መሀል ዞረ። ሴቶቹ እሱን ሲያዩ ነው ሙሾውን ያጋጋሉት። እኔ ያኔ ገና ሕፃን ነበርሁ። ያየሁት ይሁን የነገሩኝ፣ ዛሬ ሁለቱም አንድ ሆነውብኛል።

ከአያቴ ወደ አባቴ አለፈ። አባቴ ጋ ብዙ አልቆየም።

በ1988 ዓ.ም. እናቴ ታመመች። ሆዷን ነው። በቃሬዛ ማክሰኚት አወረዷት፤ ከዚያ በመኪና ጎንደር። ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል ተባለ። አባቴ እሷን ሆስፒታል አስተኝቶ ወደ አገር ቤት ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን 1,400 ብር በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ መጣ። ያኔ ያ ገንዘብ አንድ ጥሩ በሬና አንድ ወይፈን ይገዛል። እናቴ ዳነች። የማዳው እንጨት ግን ባዶ ሆነ። ጠመንጃ የሚሰቀልበትን እንጨት ማለቴ ነው። አባቴ ለረጅም ጊዜ ምንም ሳይሰቅልበት ተወው። በኋላ እናቴ ወንፊት አንጠለጠለችበት።

አባቴ ስለዚያ ጠመንጃ ሲያወራ አንድም ቀን አልሰማሁም። የማስታውሰው ሌላ ነገር ነው። ሠርግ ሲኖር የእሱ እኩዮች መሣሪያቸውን አንግተው ይሄዳሉ። ፉከራው ሲጀመር መሀል ገብተው መሣሪያቸውን ወደ ላይ ከፍ ያደርጋሉ። አባቴ ሽመሉን ይዞ ዳር ይቆማል። ድምፁ ጥሩ ነበር፤ ፉከራም ያውቅ ነበር። ከ1988 በኋላ ግን መሀል ሲገባ አላየሁትም።

በ2011 ሲያርፍ፣ ለቅሶው ላይ የወጣው ሽመሉ ነው።

እንግዲህ እኔን የያዘኝ ይህ ነው። ጠመንጃ ፈልጌ አይደለም። ከተማ ውስጥ፣ በኪራይ ቤት የምኖር አስተማሪ ነኝ። ጠመንጃ ምን ይሠራልኛል? ያንን ጠመንጃ ነው የፈለግሁት።

አባቴ የሸጠለት ሰው የጎረቤት ጎጥ ሰው ነበር። እሱም ሞቷል። አሁን ያለው በልጁ እጅ ነው፤ በስሙ አስመዝግቦታል። ከሦስት ሳምንት በፊት በአጎቴ በኩል መልእክት ላከብኝ። ቤት ሊሠራ ነው፤ ቆርቆሮና ምስማር ይገዛበታል፤ ለባዕድ ከመሸጡ በፊት እኔን መጠየቅ ፈለገ። ይህን ማሰቡን አከብርለታለሁ። ዋጋውን ስሰማ ግን ጆሮዬን ተጠራጠርሁ።

መጀመሪያ እንደማንኛውም ሰው «በውኑ ስንት ያወጣል?» ብዬ ጀመርሁ። ፒያሳ አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ በስልኬ ስፈልግ ዋልሁ። (የተቀመጥሁበት ሕንፃም ጣሊያን የሠራው ነው። ምንሽሩንም ሕንፃውንም ጥለውልን ሄዱ። ሕንፃው ዋጋ ሲጠየቅበት ግን ሰምቼ አላውቅም።) ካገኘሁት ሁሉ አንዱ ልቤ ውስጥ ቀረ። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የተገደሉበት ጠመንጃ ካርካኖ ነበር፤ አጭሩ ዓይነት። ገዳዩ በፖስታ ቤት አዝዞ፣ ከነአጉሊ መነጽሩ፣ 19 ዶላር ከ95 ሳንቲም ነው የገዛው። ከጦርነቱ የተረፈ ዕቃ ስለነበር በርካሽ ይቸበቸብ ነበር። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ሳሰላው ደነገጥሁ። ኅዳር 12 ቀን 1956። የሚካኤል ዕለት። አያቴ የእሱን ምንሽር ጎጆው ደጅ ፀሐይ ላይ አውጥቶ በላምባ እየወለወለ የነበረበት ቀን ማለት ነው። ስልኩን ዘግቼ ብዙ ቆየሁ።

ከዚያ ሌላ ዓይነት ሒሳብ ሞከርሁ። ጠመንጃው ዛሬ ምን ይሠራል? ጥይቱ እዚህ ገበያ ላይ የሚገኝ አይደለም። ቢገኝም ስድስቱን ጥይት አንድ ላይ አቅፎ የሚይዝ ቆርቆሮ አለው፤ ያ ከሌለ እንደ ወጉ አይጎርስም። የአያቴ ማቀፊያዎች የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም። እንደ መሣሪያ ካየነው ዱላ ነው። ክላሽ ቢሆን ዋጋውን የሚነግርህ ብዙ ሰው አለ። የክላሽን ዋጋ የሚያወጣውና የሚያወርደው ወሬ ነው። ክፉ ወሬ ሲሰማ ይንራል፤ ሰው ያኔ ላሙንም ምርቱንም ሽጦ ይገዛል። ያንን ሳይ ሁልጊዜ ሆዴ ይባባል። ፍርሃት የተመነዘረበት ዋጋ ነው። የእኔው ግን የናፍቆት ነው፤ ናፍቆትም እንደ ፍርሃት ሰውን ከልክ በላይ ሊያስከፍል ይችላል።

ሕጉንም አነበብሁ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ፣ ቁጥር 1177/2012። ያለ ፈቃድ መያዝም፣ መሸጥም፣ መግዛትም ወንጀል ነው። አሮጌ ነው፣ የቅርስ ያህል ነው ብዬ ራሴን ማታለል አልፈለግሁም። ስለዚህ በዋጋ ብንስማማ እንኳ በፈቃድ ካልሆነ እጄን እንደማልዘረጋ ለራሴ ወሰንሁ። ይህ ቀላሉ ውሳኔ ነበር።

ከባዱን ያቀለለልኝ አጎቴ ነው። ማክሰኚት በገበያ ቀን አገኘሁት። ጠላ ቤት ገባን። የእናቴን ጤንነት ጠየቀ፣ የልጄን ጠየቀ፤ ከዚያ ዝም አለ።

«አያ፣ ስንት ብሰጥ ይበዛል?» አልሁት።

«አንተ ስንት አለህ?»

«ባንክ 118,000 ብር አለኝ። ወንድሜ ደግሞ ዳልቻውን እሸጣለሁ እያለ ነው።»

ዋንጫውን አስቀመጠ። «ዳልቻውን? በምን ሊያርስ ነው?»

መልስ አልነበረኝም።

«ስማኝ ልጄ» አለኝ። «ከጠመንጃው አትነሣ። ጠመንጃው ስንት እንደሚያወጣ ማንም አያውቀውም። መጀመሪያ የማትሸጠውን ቁጠር። ከዚያ የተረፈህን ተመልከት። እሱ ነው ዋጋህ።»

እዚያው ጠላ ቤት ውስጥ መቁጠር ጀመርሁ። ዳልቻው አይሸጥም። ወንድሜ በስልክ «አንተ ቀሪውን ሙላ፣ እኔ በሬውን አወጣለሁ» ሲለኝ በውስጤ ደስ ብሎኝ ነበር፤ በዚያ ደስታዬ አሁን አፍራለሁ። የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ አይነካም። ለእናቴ ዓይን ሕክምና ያስቀመጥሁት አይነካም። ሮቶ ልገዛ ነበር፤ ሚስቴ ሁለት ዓመት ጠብቃለች። በየፈረቃው በሌሊት እየተነሣች ባልዲ የምትሞላው እሷ ናት፤ ዛሬ ብቻ ነው እኔ የተቀመጥሁት። እሱም አይነካም። ይህን ሁሉ ስቀንስ 40,000 ብር ቀረኝ። አጎቴ ቁጥሩን ሲሰማ «ደግ» ብቻ አለ።

ቅዳሜ ዕለት ሄድሁ። ባለጠመንጃው በደንብ ተቀበለኝ። ሚስቱ ቡና አፈላች፤ የተቆላ ሽንብራ ቀረበ። ከዚያ ከውስጥ አወጣው። በነጠላ ጠቅልሎታል።

ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል ካየሁት። እንዳሰብሁት ከባድ አልነበረም። ወይም እኔ አድጌያለሁ። ብረቱ ላይ ያሉትን ፊደሎች ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር። አሁን አነበብኋቸው። ተርኒ ይላል፤ የተሠራበት የጣሊያን ከተማ ነው። ከአጠገቡ 1917። ቁልቋል በር ሲደርስ ራሱ የሃያ አራት ዓመት ጎልማሳ ነበር ማለት ነው። የሰደፉ አንገት ላይ ስንጥቁ አለ። በስንጥቁ ላይ የተጠመጠመው ቀይ የመዳብ ሽቦም አለ። ጣቴን በሽቦው ላይ አስኬድሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ዙሩን ቆጠርሁ። አሥራ አንድ።

ዋጋ ተነጋገርን። 40,000 አልሁት። ፈገግ አለ፤ ክፋት የለውም። 130,000 ድረስ ወረደ። እኔ አልወጣሁም። በመጨረሻ እንዲህ አለኝ፦

«ወንድሜ፣ እናትህ የዳነችበት እኮ ነው። በእናትህ ሒሳብ አስበው።»

ደሜ ፈላ። ተነሥቼ ልሄድ ነበር። ግን ቡናው ሁለተኛው ላይ ነበር፤ ሳይበረክ መነሣት ነውር ነው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ያለኝን አሰብሁበት። ሰውየው ሊያቆስለኝ ብሎ አልተናገረውም። እኔ ራሴ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስል የከረምሁትን ነው ጮክ ብሎ የተናገረው። በእናቴ ሒሳብ እያሰብሁ ስለነበር ነው 150,000 ሲባል ወዲያው «አይሆንም» ያላልሁት። ለእናት ደግሞ ምኑ ይበዛል?

ግን እኮ ያ ሒሳብ ተዘግቷል። አባቴ ዘግቶታል። በ1988 ይህንን ጠመንጃ በአንድ እጁ፣ እናቴን በሌላው እጁ ይዞ መዘነ። በሦስት ቀን ወሰነ። 1,400 ብር አንሷል ወይ በዝቷል ብሎ የተከራከረ አይመስለኝም። የሚያስፈልገውን ያህል ነበር። ሠርግ ላይ ዳር ሲቆም ተሸንፎ ይመስለኝ ነበር። እስከ ቅዳሜ ድረስ እንዲያ ነበር የማስበው። እኔ ዛሬ የእናቴን ዓይን ሕክምናና የወንድሜን በሬ አውጥቼ ብመልሰው፣ እሱ የመዘነውን ሚዛን ልገለብጥበት ነው።

ቡናው በረካ ደረሰ። «40,000 አለኝ። ሐሳብህን ከቀየርህ በአጎቴ በኩል ላክብኝ፤ ፈቃዱን እጨርሳለሁ» አልሁት። «እንግዲያ እግዜር ያውቃል» አለ። በነጠላው መልሶ ጠቀለለው። በር ድረስ ሸኘኝ።

የሚካኤል ዕለት ግን መጥቼ በላምባ ብወለውለው ይፈቅድልኝ እንደሆነ ጠየቅሁት። እስኪሸጥ ድረስ ደጄ ክፍት ነው አለኝ።

ማታ ቤት ስገባ እናቴ አልተኛችም ነበር። የት እንደሄድሁ አልነገርኋትም፤ ማን እንደነገራት አላውቅም።

«አየኸው?» አለችኝ።

«አየሁት፣ እማ።»

«ሽቦው አለ?»

«አለ።»

«እኔ ጫፉን ይዤለት ነው አባትህ የጠመጠመው። ይኸው እዚህ ጋ ቆርጦኝ ነበር» ብላ አውራ ጣቷን አሳየችኝ። መብራቱ ደብዛዛ ስለነበር ጠባሳውን ማየት አልቻልሁም። በጣቴ ስዳብሰው ግን አገኘሁት።

ቧንቧው አየር መትፋት ጀመረ። ባልዲውን ላስተካክል።