ዓይን የሚጠላው፣ እጅ የሚወደው ዳይቶና

ሳተርን በሚባለው የሴጋ የቤት ጌም ማሽን ላይ የወጣው የመኪና ውድድር፣ ዳይቶና ዩኤስኤ፣ አስቀያሚ ነው ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው፦ አዎ፣ ነው። በሰከንድ የሚያሳየው 20 ፍሬም (ሥዕል) ብቻ ነው። ተራራው መኪናዋ ልትደርስበት ጥቂት ሲቀራት ከባዶ ሰማይ ላይ ድንገት ይበቅላል። ገደሉም፣ ድልድዩም፣ የመንገዱ ጠርዝም እንደዚያው። ሞዴል 2 በሚባለው የሴጋ የአርኬድ (የጌም ቤት ማሽን) ቦርድ ላይ ይኸው ጌም በሰከንድ 60 ፍሬም ሲበር አይቶ ወደዚህ የመጣ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ያም ሆኖ ሳተርኔን ስከፍት አብዛኛውን ጊዜ የማስገባው ሲዲ እሱ ነው። ዛሬ ምክንያቱን በደንብ ላስረዳ፤ ስለ አርኬድ ፖርቶች (ከጌም ቤት ማሽን ወደ ቤት ማሽን ስለተገለበጡ ጌሞች)፣ ይበልጡንም ሳይወጡ ስለቀሩት ጌሞች ያለኝ አስተያየት በሙሉ የተነሳው ከዚህ ዲስክ ነውና።

777 ስፒድዌይ የሚባለውን የጀማሪዎች መስመር የመጨረሻ መታጠፊያ ልውሰድ። በአራተኛ ማርሽ እየከነፍኩ እደርስና ማርሹን በአንድ ጊዜ ወደ ሁለተኛ አወርደዋለሁ። የመኪናዋ የኋላ እግር ይለቃል፣ አፍንጫዋ ወደ ውስጠኛው ጠርዝ ይዞራል፣ ጎማው ይጮሃል። እዚህ ላይ እንደያዝኩ ብቆይ መኪናዋ ዞራ ግድግዳ ትልሳለች። ስለዚህ ጣቴን ለቅጽበት ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ነካ አድርጌ እመልሳለሁ፤ ጩኸቱ ሲሳሳ ሦስተኛ፣ ቀጥ ስትል አራተኛ። በልኩ ከመጣልኝ ፍጥነቴን ሳላባክን ወደ ቀጥታው መንገድ እወጣለሁ፤ ካልመጣልኝ ከኋላዬ የነበሩት ሁሉ በጎኔ ሽው ሽው እያሉ ያልፋሉ። አርኬዱ ላይ በመሪና በማርሽ ዘንግ የሚጫወቱት ጨዋታ ይኸው ራሱ ነው፤ መጠኑ፣ ጊዜው፣ ቅጣቱ ሳይቀር። ሰዎቹ ከሥዕሉ ያልቀነሱት የለም፤ የመኪናዋን ጠባይ ግን አልነኩትም።

ሥዕሉ እንዲህ የሆነበትን ምክንያት ለማወቅ ማሽኑን መክፈት ያስፈልጋል። ሳተርን ጃፓን ውስጥ የወጣው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 1994 ነው (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። ዳይቶና የተከተለው በኤፕሪል 1995 ነው፤ አምስት ወር እንኳ ሳይሞላ ማለት ነው። ውስጡ ኤስኤች-2 የሚባሉ ሁለት ፕሮሰሰሮች አሉ፣ እያንዳንዳቸው 28.6 ሜጋኸርዝ። ወረቀት ላይ ሲታይ ያስጎመጃል። ነገር ግን ሁለቱም ወደ ዋናው ሜሞሪ የሚሄዱት በአንድ መንገድ ነው፤ አንዱ ሲወስድ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። የየግላቸው ካሽ (ትንሿ ፈጣን ሜሞሪ) ደግሞ 4 ኪሎባይት ብቻ ነው። ሳይጋጩ እንዲሠሩ ሥራውን ማካፈል ሙሉ በሙሉ የፕሮግራመሩ ዕዳ ነበር። ዳይቶናን የሠራውን የሴጋን ኤኤም2 ክፍል ይመራ የነበረው ዩ ሱዙኪ እንኳ በጊዜው ከሁለት ይልቅ አንድ በጣም ፈጣን ፕሮሰሰር ቢሆን እንደሚሻል ተናግሯል።

የሥዕል ቺፖቹም ሁለት ናቸው። ቪዲፒ1 አራት ማዕዘኖችን ያወጣል፤ መኪናውን፣ ሰውየውን፣ ግድግዳውን። ቪዲፒ2 ደግሞ ሰፋፊ ጠፍጣፋ ንጣፎችን ይዘረጋል፣ ያዞራል፣ ያርቃል፣ ያቀርባል፤ ይህን ሁሉ ሲያደርግ ከቪዲፒ1 ጉልበት አንዲት ጠብታ አይወስድም። የሳተርን ምስጢር ሁለተኛውን ቺፕ ማሠራት ነው። የዳይቶና መንገድ ግን ዳገትና ቁልቁለት አለው፤ እንደ ምንጣፍ ሊነጠፍ አይችልም። አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን መገንባት ነበረበት፣ ለዚያውም ማሽኑን ገና እየተማሩ፣ ቀነ ገደቡ እየደረሰ።

ማሽኑ ደካማ ስለሆነ ነው የሚሉ አሉ። እነሱን ወደ ዚያው ዓመት መጨረሻ እልካቸዋለሁ። ያው ኤኤም2 ቨርቹዋ ፋይተር 2 የሚባለውን የፍልሚያ ጌም ያወጣው ያኔ ነው፦ በሰከንድ 60 ፍሬም፣ ያውም በከፍተኛው ሪዞሉሽን። መድረኩን ለቪዲፒ2 ሰጡት፤ የጀርባውን ሕንፃና ተራራ ወደ ጠፍጣፋ ሥዕል ቀየሩት፤ ቪዲፒ1 ሁለቱን ተፋላሚዎች ብቻ እንዲያወጣ ተዉት። የከፈሉት ዋጋ አለ። ሹን ዲ የሚባለው ተፋላሚ በታንኳው ላይ ሲፋለም አርኬዱ ላይ ድልድይ ከራሱ በላይ ያልፋል፤ ሳተርኑ ላይ ድልድዩ የለም። ጠፍጣፋ ሥዕል ከራስ በላይ ሊያልፍ አይችልማ! ግን የሌላውን ተፋላሚ፣ የአኪራን፣ ክርን ሳስገባ የሚሰማኝ ክብደት፣ በመከላከልና በማጥቃት መካከል ያለችው የዓይን ጥቅሻ የምታህል ጊዜ፣ አንድም አልጎደለም። ሴጋ ራሊ የሚባለው የመኪና ውድድርም በዚያው ሰሞን ወጣ፤ 30 ፍሬም፣ ሳይንገጫገጭ። በረሃው ላይ ዴልታ የምትባለው መኪና ከአሸዋ ወደ ጠጠር ስትገባ መሪው በእጄ ውስጥ ሲለሰልስና ሲጠነክር ይታወቀኛል። በዳይቶናና በእነዚህ መካከል ያለው ልዩነት የጥቂት ወራት ነው። ማሽኑ ያው ማሽን ነው፤ የተጨመረው ጊዜና ዕውቀት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ1996 ሴጋ ዳይቶናን እንደገና ሠራው፤ ቻምፒየንሺፕ ሰርኪት ኤዲሽን ይባላል። የሠራው ሴጋ ራሊን ወደ ሳተርን ያመጣው ቡድን ነው። ሥዕሉ ተስተካከለ፤ ተራራው ከሩቅ ይታያል፣ መንገዱ አይቆራረጥም፣ አዳዲስ መስመሮችም ተጨመሩ፣ ለሁለት ሰው መጫወትም መጣ። ያን የመጨረሻ መታጠፊያ ግን ይዛችሁ ሞክሩት። ማርሹን ወደ ሁለተኛ ሳወርድ መኪናዋ እንደ ድሮው አትለቅም፤ ብትለቅም እንደ ድሮው አትመለስም። ሌላ መኪና ናት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ብዙ ገምጋሚዎች የተሻለው ዳይቶና ይሄኛው ነው ይላሉ፤ እኔ አፌን ሞልቼ አይደለም እላለሁ። ፖርት የሚመዘነው መጀመሪያ በእጅ ነው። ዓይን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይለምዳል፣ ተራራው ሲበቅልም ማየት ይተዋል። እጅ ግን አይለምድም፤ መኪናዋ በተበላሸች ቁጥር ያስታውሰኛል።

(ስለ ዓይን ካነሳሁ አይቀር፦ ሳተርንን በአሮጌ ቱቦ ቴሌቪዥን ሳያዩ በሥዕሉ መፍረድ ልክ አይመስለኝም። ቪዲፒ1 ብርሃን የሚያሳልፍ ነገርን፣ ጥላም ይሁን ጭስ፣ ከቪዲፒ2 ንጣፍ ጋር ማዋሃድ ስለማይችል ፕሮግራመሮቹ እንደ ወንፊት አንድ ነጥብ እየሳሉ አንድ ነጥብ እየዘለሉ ያልፉት ነበር። በድሮው ኬብል ነጥቦቹ ይቀላለጡና እውነተኛ ጥላ ይሆናሉ። በዘመኑ ጠፍጣፋ ስክሪን ላይ ወንፊቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ያኔ የተሠራው ለቱቦው ነው።)

ይህን መመዘኛ ይዤ ወደ ያልወጡት ስሄድ ብዙ ነገር ይገለጥልኛል። ቨርቹዋ ፋይተር 3 በ1996 በሞዴል 3 ቦርድ ላይ ሲወጣ ከሳተርን ጋር የሚነጻጸር አልነበረም፤ መሬቱ ዳገትና ቁልቁለት አለው፣ ደረጃ አለው፣ የልብሱ እጥፋት ይንቀሳቀሳል። ሴጋ ወደ ሳተርን አመጣዋለሁ አለ፤ ቆየ፤ ዝም አለ፤ ሰረዘው። በመጨረሻ የመጣው ቨርቹዋ ፋይተር 3ቲቢ ሆኖ በኖቬምበር 27 ቀን 1998 ሳተርንን ከተካው የሴጋ ማሽን፣ ከድሪምካስት፣ ጋር አብሮ ነው። የቨርቹዋ ፋይተር 2 ፍጥነት ዋና ዘዴ ጠፍጣፋው መድረክ እንደነበር ላወቀ ሰው የሦስተኛው ፈተና የት ላይ እንደሆነ ግልጽ ነው። መድረኩ ራሱ ተራራ ሲሆን ቪዲፒ2 የሚዘረጋው ነገር ያጣል።

ነገር ግን ቨርቹዋ ፋይተር 3 ሳተርን ላይ ጨርሶ አልመጣም ማለት ይከብደኛል። በ1996 መጨረሻ ኤኤም2 ፋይተርስ ሜጋሚክስን አወጣ። የቨርቹዋ ፋይተር 2ንና የሌላውን የሴጋ የፍልሚያ ጌም፣ የፋይቲንግ ቫይፐርስን፣ ሰዎች አንድ ላይ ያጋጨ ጌም ነው፤ እንዲያውም ከራሱ ከዳይቶና የመጣችው ሆርኔት መኪና በኋላ እግሮቿ ቆማ በፊት ጎማዎቿ ትቦቅሳለች። ሰው የሚያወራው ስለዚህች መኪና ነው፤ ወድጄዋለሁ፤ ነገር ግን ትልቁ ነገር ሌላ ቦታ ነው ያለው። አኪራና ጓደኞቹ ከቨርቹዋ ፋይተር 3 የመጡ ምቶችን ይዘዋል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ወደ ጎን ገለል ማለት መጣ። ባላንጣዬ ቀጥ ብሎ ሲመጣ ገለል ብዬ በጎኑ እገባለሁ፤ ፊት ለፊት ብቻ ይካሄድ የነበረው ጠብ ድንገት ስፋት ያገኛል። ዳገቱ የለም፣ የልብሱ እጥፋት የለም። እጄ ግን ሦስተኛውን ያውቀዋል። ስለዚህ ስለ ተሰረዘው ፖርት ሳስብ የምቆጨው ለሥዕሉ አይደለም፤ ለመሬቱ ነው። ዳገት ላይ ቆሞ መምታትና ቁልቁል ሆኖ መመታት ርቀትን ይለውጣል፤ ያን ስሜት በሳተርን ፓድ የቀመሰ የለም።

በሌላው ጫፍ ካፕኮም የሚባለው የጃፓን ጌም ሠሪ አለ። ኤክስ-ሜን ቨርሰስ ስትሪት ፋይተር በ1997 ጃፓን ውስጥ ሲወጣ 4 ሜጋባይት ራም ካርትሪጅ አስከትሎ ነው፤ የማሽኑ ዋና ሜሞሪ 2 ሜጋባይት ብቻ መሆኑን አስቡት። ካርትሪጁ ከኋላ ሲሰካ የእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ተፋላሚዎች ከነሙሉ እንቅስቃሴያቸው ሜሞሪ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ በግጥሚያ መሃል አንዱ ወጥቶ ሌላው ዘሎ ይገባል፤ ሳይቆም፣ ሳይጭን። የተፎካካሪው የሶኒ ማሽን፣ የፕሌይስቴሽኑ፣ ቅጂ ሜሞሪው አልበቃ ስላለው በነጻነት መቀያየሩን አስቀረ። ያ ጌም ያለ መቀያየር ምኑን ያ ጌም ሆነ! የሳተርኑ ግን እንዲህ ያለ ፖርት ሆኖ ሳለ ከጃፓን ሳይወጣ ቀረ።

ሶኒክ ኤክስትሪም ከእነዚህ ሁሉ ይለያል፤ ከአርኬድ የመጣ አይደለም፤ የሚገለበጥበት እናት ቅጂ አልነበረውም። አሜሪካ ውስጥ ሴጋ ቴክኒካል ኢንስቲትዩት ለ1996 በዓላት ሊያደርሰው ይሠራው ነበር። ዓለሙ በሶኒክ ዙሪያ የሚዞር፣ ካሜራውም እንደ ዓሣ ዓይን ጠርዙን የሚያጎብጥ ነበር። ኦፈር አሎን የሚሠራው ሞተር (ጌሙን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም) ለተራው መንገድ፣ ክሪስ ኮፊን የሚሠራው ደግሞ ለአለቆች፣ ማለትም ለትልልቆቹ ጠላቶች፣ ውጊያ ነበር። በዚያው ዓመት የሴጋው ፕሬዚዳንት ሃያኦ ናካያማ መጥተው ሲያዩ የአለቆቹን ወደዱና ጌሙ በሙሉ በእሱ እንዲሠራ አዘዙ። ከዚያ በኋላ የቀረው ጊዜ ሰውን የሚጨርስ ነበር፤ ኮፊን በሳምባ ምች ታመመ፤ ጌሙም ተሰረዘ። አሎን በኋላ ዚብራሽ የሚባለውን፣ ዛሬ ብዙ የፊልምና የጌም ቀራጮች የሚሠሩበትን ሶፍትዌር ከፈጠሩት አንዱ ሆነ፤ ተሰጥኦ እንዳልጎደለ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

ከዓመታት በኋላ አድናቂዎች የኤክስትሪምን ሞተር ኮድ አግኝተው የሚንቀሳቀስ ነገር ሠርተውለታል። ስነካካው ሥዕሉ ያስደንቀኛል፤ ወለሉ ግድግዳ ይሆናል፣ ግድግዳው ጣሪያ። ሶኒክ ግን ገና ነው። ስሮጥ ፍጥነት አያጠራቅምልኝም፤ ስዘል የት እንደማርፍ ሰውነቴ አይነግረኝም። ይህን የምለው ለመንቀፍ አይደለም። የሩጫን ጠባይ ለመግራት ሰው ደጋግሞ መጫወት፣ ቁጥር መለወጥ፣ እንደገና መጫወት አለበት፤ ለዚያ ጊዜ አላገኙም። ዳይቶና እጁን ከአርኬዱ ወረሰ፤ ኤክስትሪም እጁን ከባዶ መፍጠር ነበረበት። ያልወጡ ጌሞችን በፎቶ ብቻ አይቶ ድንቅ ነበር ብሎ መፍረድ የማልወደው ለዚህ ነው።

በዚህ ሚዛን ላስቀምጠው የማልችለው ሸንሙን ብቻ ነው። መጀመሪያ የታሰበው ታሪክ እየተከተሉ የሚጫወቱት የቨርቹዋ ፋይተር ጌም ሆኖ ለሳተርን ነበር፤ ከዚያ ወደ ድሪምካስት ተዛውሮ በዲሴምበር 1999 ወጣ። የሳተርኑ ሥራ ቪዲዮ ሸንሙ 2 ውስጥ እንደ ተጨማሪ ስጦታ ተቀምጧል። ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ያ ማሽን ያን ያህል መንገድና ያን ያህል ሰው ማሳየቱን በዓይኔ አይቼ አሁንም አልጠገብኩም። ግን ቪዲዮ ነው፤ መራመዱ ይክበድ ይቅለል፣ ሲዞር ይዘግይ ይፍጠን፣ ጠብ ሲነሳ አዝራሩ ቶሎ ይስማ አይስማ ሊነግረኝ አይችልም። የሚጫወቱት ዲስክ ለሕዝብ ወጥቶ አያውቅም። የሸንሙም ሆነ የቨርቹዋ ፋይተር 3 የሳተርን ሥራ አንድ ቦታ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ካለ፣ ቢንገጫገጭም፣ ተራራው አፍንጫችን ሥር ቢበቅልም፣ መሃል ላይ ቢቆምም ግድ የለም። ያውጣውና ፓድ ይዘን እንሞክረው።